ቅቤ የተቀባው የጃፓን ዛፍ

ነቀምቴ ውስጥ ወሰኔ ያልናቀችው ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው ይባል ነበር። ይህን የሚሉት እሷ የናቀቻቸው ሰዎች ስለሆኑ ትንሽ ማጋነናቸው አይቀርም፤ ብዙም ግን አልዋሹም። አባቷ ከሸዋ ከጦር ጋር መጥተው እዚያው ወልደው እዚያው የተቀበሩ ሰው ናቸው። እሷም የተወለደችው ነቀምቴ፣ የተዳረችው ነቀምቴ፣ ባሏን አፈር ያለበሰችው ነቀምቴ ነው። ቢሆንም ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችበትን ከተማ መንገድ ላይ መሽቶባት ያደረችበት ቤት ይመስል አፍንጫዋን ይዛ ነበር የምታየው። ጭቃውን ትንቃለች። የወንጌል አማኞቹን ጎረቤቶቿን «እሑድ እሑድ ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ የሚሰበሰቡ» ትላቸዋለች፤ የራሷን ደብር ካህናት ደግሞ «ከመቅደሱ በር የድግሱን በር አብልጠው የሚያውቁ» ትላለች። አድልዎ አታውቅም፤ ንቀቷ ለሁሉም እኩል ነበር።

ሥራዋ ስፌት ነው። ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በረንዳዋ ላይ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ የካኪ ሱሪ፣ የተማሪ ልብስ፣ መጋረጃ ትሰፋለች። እጇ የተባረከ ነው፤ እሷ የሰፋችው ልብስ ጨርቁ ያልቃል እንጂ ስፌቱ አይተረተርም። ለዚህ ሲሉ ሰዎች ምላሷን ችለው ይመጣሉ። ሱሪ ሊያሰፋ የሄደ ሰው ወገቡን ብቻ ሳይሆን ዘር ማንዘሩንም ተለክቶ ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን ያንገበግባት ነበር። ዕድሜ ልኳን አንድም ሰው አደራ ሰጥቷት አያውቅም። በዚያ አገር ሰው ለለቅሶ ወይም ለንግድ ከከተማ ሲወጣ የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤት ይሰጣል። የምትታለብ ላም ያለችው ላሟን፣ ለልጇ ሠርግ ልብስና ጌጥ ያጠራቀመች ሣጥኗን አደራ ብላ ትሄዳለች። አደራ የሚሰጠው ሰው ሰው ነው፤ የማይሰጠው ደግሞ ምን እንደሆነ ማንም ፊት ለፊት አይነግረውም። ወሰኔ ቤቷ ከመንገዱ ዳር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከበረንዳዋ አትነቃነቅም፤ የሰው ሳንቲም ነክታ አታውቅም። ቁልፉ ግን ሁልጊዜ በፊቷ አልፎ ወደ ሌላ ቤት ይሄድ ነበር። «ምላሷን መያዝ ያቃታት የሰው ዕቃ ልትይዝ?» ይሏታል። እሷ ደግሞ «የእናንተን ቅራቅንቦ ማን ይጠብቅላችኋል!» እያለች መኪናዋን ታንቀጫቅጨዋለች። ውስጧ ግን ያር ነበር።

ሽብሩ የሚባለው የጨርቅ ነጋዴ ጎረቤቷ ነው። አቡጀዲ በጣቃ እያስመጣ ሲሬና ኑኑ ቁምባ ድረስ ላሉ ባለሱቆች ያከፋፍላል። ሰውየው ሆዱ ከፊት ከፊት ሲሄድ እሱ ከኋላ የሚከተል ዓይነት ነው፤ ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሠራው ነገር ሳሎን ነው። ሳሎኑ የተሠራው ለሰው አይደለም፤ ለወንበሮቹ ነው። ቤተሰቡ ማጀት ውስጥ እየተጋፋ ይበላል፤ ሳሎኑ ተቆልፎ፣ ሶፋው ዳንቴል ለብሶ፣ ሬዲዮኑ ዳንቴል ለብሶ፣ ጠረጴዛው ዳንቴል ለብሶ እንግዳ ይጠብቃል። የሽብሩ ሚስት ሸዋጌጥ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ አታውቅም። ልጆቹ የገዛ ቤታቸውን ሳሎን የሚያዩት በፋሲካና በገና ነው፤ እሱንም እግራቸውን ታጥበው።

ለሽብሩ አቡጀዲውን ከአዲስ አበባ የሚልክለት ሚስተር ታናቤ የሚባል ጃፓናዊ ነበር። ይህ ሰው ባገሩ ልማድ በሸክላ ሳህን ውስጥ የሚያድግ አንድ ዛፍ ነበረው። ዛፉ ቁመቱ ክንድ አይሞላም፤ ግንዱ ግን እንደ ሽማግሌ ዛፍ የተጠማዘዘ፣ ሥሩ አፈሩን ቆንጥጦ የያዘ፣ ቅጠሉ ትንንሽና የሚያብረቀርቅ ነው። ታናቤ ጠቅልሎ ወዳገሩ ሊመለስ ሲል፣ ደንበኛውን ሊሰናበት ነቀምቴ ድረስ ይዞት መጣ። አማርኛው ስብርብር ያለ ቢሆንም የሚያስፈልገውን ቃል ያውቅ ነበር። «ይህን አባቴ ጀመረ። መርከብ ላይ ይሞታል። አቶ ሽብሩ፣ ለአንተ ሰጠሁ። አደራ፣ በሕይወት ይኑር» አለው። ሽብሩ በጊዮርጊስ ማለለት። ለሽብሩ መማል እንደ ማስነጠስ ነው።

ታናቤ ሲሄድ ባልና ሚስት ለዛፉ ትልቅ ክብር ሰጡት። የገደለውም ክብሩ ነው። የውጭ አገር ሰው የሰጠው ነገር መቼም ሜዳ ላይ አይቀመጥ፣ ሳሎን ገባ። ከሬዲዮኑ አጠገብ ጨለማ ጥግ ላይ፣ ሸዋጌጥ ራሷ የሠራችው ዳንቴል ተነጥፎለት ተቀመጠ። ውሃ ሲጠጣ ከሳህኑ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች እየተንጠባጠበ ዳንቴሉን አበላሸ። ሸዋጌጥ መላ አታጣም፤ ጧፍ አቅልጣ ቀዳዳዎቹን ግጥም አድርጋ ደፈነቻቸው። ከዚያ ወዲያ ውሃው መውጫ አጥቶ ሥሩ ላይ ቆመ። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ጠምቶት ነው ብላ ጨመረችለት። ሲረግፍ ደግሞ ለጋ ቅቤ አምጥታ ግንዱንም ቅርንጫፉንም ቀባችው።

ወሰኔ ዛፉን መጀመሪያ ያየችው ያን ጊዜ ነው። ለሳሎኑ ወፍራም የከፋይ መጋረጃ ሰፍታ ልትሰቅል ገባች፤ የሆነ ነገር ሸተታት።

«ይሄ ምንድነው?»

«የጃፓን ዛፍ ነው፣ እትዬ ወሰኔ። አደራ ነው» አለች ሸዋጌጥ፣ ታቦት እንደምታሳይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምን ቀባችሁት?»

«ቅቤ ነዋ። ፀጉር የሚያለመልም ቅቤ ቅጠል ማለምለም ያቅተዋል?»

«እንግዲያው ሹሩባ ብቻ ነው የቀረው» አለችና ወሰኔ መጋረጃዋን ሰቀለች። ቤቱ ድርግም አለ። ዛፉን መልሳ አላየችውም፤ ስትወጣ ያሰበችው ለሸዋጌጥ የጣለችላት ቃል እንዴት እንዳማረ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከአዲስ አበባ ወሬ አመጣ። በታናቤ ቦታ የተተካው ሰው በግንቦት ወለጋን ሊጎበኝ ነው፤ ለአገሩ ሁሉ አንድ የአቡጀዲ ወኪል ይመርጣል። ሽብሩ ሳሎኑን ከፍቶ ዛፉን አየ። ከቅጠሉ የቀረው ለቁጥር የማይበቃ ነው። አዲሱ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የታናቤን ዛፍ እንደሚሆን ለሽብሩ ጥርጥር አልነበረውም፤ የውጭ አገር ሰው ሁሉ አንድ ቤት ያደገ ይመስለዋል። ሽብሩ ማሰብ ልማዱ አልነበረም፤ ያን ሳምንት ግን አሰበ።

በገበያ ቀን፣ መንገዱ በሰው ሲሞላ፣ ዛፉን አሸክሞ ወደ ወሰኔ በረንዳ መጣ። ሁለት ሰው ይዟል። አንዱ አቶ ተካ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ በሰፈሩ ያለእሳቸው ምስክርነት በግ እንኳን አይሸጥም። ሌላው ኦቦ ጉሉማ፣ የእህል ነጋዴና የወንጌል አማኞቹ ሽማግሌ ናቸው።

«እመት ወሰኔ» አለ ሽብሩ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ፣ «አደራ ላስቀምጥ መጥቻለሁ።»

የወሰኔ እግር መርገጫው ላይ ቆመ። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችውን ቃል ሰማች። ቀና ስትል ግን ያየችው በቅቤ የተለወሰ፣ የረገፈ፣ ያለቀለት ጭራሮ ነው። ሽብሩ ሬሳ ይዞ የለቅሶ ቤት እየመረጠ እንደሆነ ወዲያው ገባት። ዛፉ በሳሎኑ ከሞተ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ በእሷ በረንዳ ከሞተ ግን «ለዚያች ምላሰኛ አደራ ብዬ ገደለችብኝ» ማለት ይቻላል፤ ከተማው በሙሉ ደግሞ ድሮም ያወቀው ነገር ስለሆነ አይጠይቅም።

«ምስክር ሁኑኝ» አለ ሽብሩ ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞሮ። «ዛሬ ከእጄ ወጥቶ ከእጇ ገብቷል። በግንቦት በሕይወት እንዳለ እቀበላለሁ።»

ብልህ ሰው ቢሆን እንቢ ይል ነበር። ወሰኔ ግን ለብልሃት የሚሆን ትዕግሥት የላትም። ሽብሩን ከምንም በላይ ስለናቀችው፣ ያንን ሆዱን ይዞ ተንኮሉን ሲውጥ ለማየት ጓጓች። ከዚህ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ለራሷም አልነገረችውም። አደራ ተብላለች፤ በሐሰትም ቢሆን ተብላለች።

«በምስክር ተቀብያለሁ» አለች። «ደግሞ ተመልሶ ሲወሰድ በምስክር ነው።»

ስለ ዛፍ የምታውቀው ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ጨለማ ከገደለው ፀሐይ ያድነዋል ብላ በረንዳው ጫፍ ላይ አወጣችው። የታኅሣሥ ፀሐይ የቀሩትን ቅጠሎች ጠብሶ ጣላቸው። በነጋታው ጎመንና ሽንኩርት የምትቸረችር ጎረቤቷ ድርቤ ቅርጫቷን ይዛ ስታልፍ ቆም አለች።

«አካም ቡልተን፣ አዳዳ ወሰኔ። ደህና አደሩ?»

«ደህና ያደረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ፊቱ ይጎለታል?»

ድርቤ ጎንበስ ብላ ግንዱን ዳሰሰች። «ይሄ ቅልጡ አይደለም እንዴ? የእኛ ዋርካ። ማን ነው እንዲህ ያሳጠረው?»

«ጃፓኖች ናቸው።»

«ዋቃ ረዥም ያደረገውን? ምን አድርጓቸው?»

«እሱን እነሱን ጠይቂ። እኔ መሞት አለመሞቱን ነው ማወቅ የምፈልገው።»

ድርቤ በጥፍሯ ቅርፊቱን ጫር አደረገችው። ከቅቤውና ከአቧራው ሥር ቀጭን አረንጓዴ መስመር ታየ። ወሰኔ መቀሷን አንስታ የቅርንጫፍ ጫፍ ቆረጠች፤ ነጭ ወተት አወጣ።

«አልሞተማ» አለች ድርቤ።

«ሰነፍ ነው እንጂ» አለች ወሰኔ፤ ዛፉን ግን ወዲያው ከፀሐይ አስገባችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስፌቱ ተጓተተ። ለብ ባለ ውሃ፣ በሽብሩ በራሱ አቡጀዲ ቁራጭ ግንዱን አጠበችው። ቅቤው ከቅርፊቱ ስንጥቅ ገብቶ ረግቷል፤ አንዱን ጎን ስታጸዳ ሌላው ጎን ይወዛል። ከዚያ ዛፉን ከሳህኑ ልታወጣ ሳበችው፤ አፈሩ ከነውሃው እንደ ረጋ ጭቃ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ቤቱ ገማ። ሥሮቹ ብዙዎቹ ጠቁረው እንደ በሰበሰ ክር በእጇ ይበጠሳሉ። ሳህኑን ስትገለብጥ ጧፉን አየችው። ቁጭ አለችና ሳቀች፤ ደስ ብሏት ግን አይደለም። ሰው በእንግዳው አፍ ውስጥ ምግብ እየጠቀጠቀ ከበታቹ ቢሰፋበት ከዚህ በምን ይለያል? «እነዚህ ናቸው እኔን የማያምኑኝ» አለች። ወስፌ አንስታ ሁለቱንም ቀዳዳ ወጋች።

ሥሩን መቁረጥ ከበዳት። ጨርቅ ሲቆርጡት ዝም ይላል፤ ይሄ ወተት ያወጣል። የጠቆረውን እስኪነጣ ድረስ እየቆረጠች፣ ደህናውን እየተወች ሄደች። አፈር ስትፈልግ ጓሮዋን ቆፈረች፤ የነቀምቴ ቀይ አፈር እጇ ላይ ተጣበቀ። ይህ እንደ ሸዋጌጥ ጧፍ ውሃ እንደሚቋጥር ገባት። አሸዋ ያስፈልጋል። አሸዋው ያለው ከከተማው ግርጌ ወንዙ ዳር ነው፤ አምጡልኝ ብትል ለምን ብለው ይጠይቋታል። ስለዚህ ራሷ ወረደች። የቀኛዝማች ልጅ ነኝ የምትለው ወሰኔ ሳፋ አሸዋ ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ከተማው በሙሉ አይቶ ሳቀ። እሷም ያዩዋትን ሰዎች አንድ በአንድ በልቧ ይዛ ለሌላ ቀን አስቀመጠቻቸው።

ድርቤ ከአባቷ ማሳ፣ ከቡና ዛፍ ሥር፣ የበሰበሰ ቅጠል ያለበት ጥቁር አፈር አመጣችላት። ወሰኔ ቀዳዳዎቹ ላይ ገል አድርጋ፣ አፈሩን ከአሸዋው ጋር ቀላቅላ ዛፉን ተከለችው። በምሥራቅ በኩል ባለው መስኮት አጠገብ አስቀመጠችው፤ የጠዋት ብርሃን ያገኛል፣ የቀትሩ አይነካውም። እንጨት አቁማ በእርጥብ ሻሽ ትንሽ ድንኳን ሰፋችለት። ውሃ በልማድ አትሰጠውም፤ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ትከትና ደረቅ ሲል ብቻ ታጠጣዋለች፤ ውሃው በሥር ሲወጣ እስክታይ ትጠብቃለች።

ምንም አልሆነም። ጥምቀት አለፈ፣ ጾሙ ገባ፣ ዛፉ ባዶውን ቆመ። ሽብሩ በመንገዱ ሲያልፍ ደስ ብሎት «አደራዬ እንዴት ነው?» ይላታል።

«ከባለቤቱ ይሻላል» ትለዋለች፤ መኪናዋን ሳታቆም።

ምሽት ላይ ግን ትፈራ ነበር። እንዲህ ያለ ፍርሃት ባሏ ሲታመም ካልሆነ ይዟት አያውቅም። የሚሞተው ዛፉ ብቻ አይደለም፤ «ድሮስ ለማን አደራ ትላላችሁ?» የሚለው ቃል ማኅተም ይመታበታል፤ ያንን ማንም አይፍቀውም።

ከፋሲካ በፊት አንድ ጠዋት ሻሹን ስታነሳ ግንዱ ከተጠማዘዘበት ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነገር አየች። ዓይኗን ጠርጋ ደግማ አየች።

«ዘገየህ» አለችው።

ይህን ብላ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ደንበኛ በረንዳው ላይ ሆኖ ሲጠራት አልሰማችም። ደስ ብሏት ነበር፤ እንዲህ ደስ ብሏት እንደሚያውቅ ማስታወስ እስኪያቅታት ደስ ብሏት ነበር። ደስታዋ እንዳይታይባት ግን ያን ቀን ለሁሉም ሰው ከወትሮው የባሰ ክፉ ሆና ዋለች።

ሚያዝያ ላይ ቅጠሉ ግንዱን ሸፈነው። ቀንበጥ ወጣ ወጣ ሲል ትቆርጠዋለች፤ አንዱ ጎን ብቻ ብርሃን እንዳይጠግብ ሳህኑን ታዞረዋለች። ጠዋት ስትነሳ ከውዳሴዋ ቀጥሎ ስድቧን የምትጀምረው በእሱ ነው፤ እሱም እንደ ሌላው ሰው ተቀይሟት አያውቅም። መንገደኛው በመስኮቱ እያየ ይደነቅ ጀመር። አቶ ተካ ሳይቀሩ ባርኔጣቸውን አንስተው፣ «ወሰኔ፣ የአደራ ጠባቂ ወጣሽ እኮ» አሏት። «ከርክክቡ በኋላ ደብረ ሊባኖስ ልሳለም ነው። የቤቴን ቁልፍ ላንቺ ብተወው ምን ይመስልሻል?»

«አያለሁ» አለች። አቶ ተካ ከሄዱ በኋላ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት።

ግንቦት ገባ። ዛፉ መዳኑን የሰማው ሽብሩ አሁን በየመጠጥ ቤቱ «የእኔ ዛፍ» ማለት ጀምሯል፤ ሲሬ ድረስ አውርቶታል። ርክክቡ ቅዳሜ ነው ተባለ። ሐሙስ ዕለት ወሰኔ ወደ ሸዋጌጥ ቤት ሄደች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቤት ለነቀፋ ሳይሆን ለምክር መግባቷ ነው። ስለ መስኮቱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ቀዳዳው አንድ በአንድ ልትነግራት አስባ ነበር።

ሸዋጌጥ ሳሎኑን ከፍታ አሳየቻት። ከሬዲዮኑ አጠገብ ያው ጨለማ ጥግ አዲስ ዳንቴል ለብሷል። ጠረጴዛው ሥር ጧፍና በቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ተዘጋጅቷል። ወሰኔ ራሷ የሰቀለችው የከፋይ መጋረጃ እንደተዘጋ ነው።

«እዚህማ ይሞታል» አለች ወሰኔ። «መስኮቱ ጋ አድርጊው፤ መጋረጃውን ክፈቺለት።»

«መስኮት? አቧራው ሶፋዬን ሲያለብሰው? እትዬ ወሰኔ፣ እንግዳ ደግሞ መስኮት ሥር አይቀመጥም፤ ነውር ነው።»

«ቀዳዳውንስ ተይው።»

«ዳንቴሉስ?»

«ሸዋጌጥ፣ ሰውየው አደራ በሕይወት ይኑር ብሎ ነው የሰጣችሁ።»

ሸዋጌጥ ሳቀች፤ ክፋት አልነበረበትም፤ የሚያናድደውም ይሄው ነው። «አዲሱ ሰውዬ እስኪያየው ነው እኮ። እሱ አይቶ ከሄደ በኋላ ቢደርቅስ ምን እንዳይሆን?»

ወሰኔ ወጣች። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ይባላል፤ መንገድ ላይ ይህ ተረት ከአፏ አልወጣ አለ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ አልሰፋችም። ዛፉን ከመለሰች ከተማው ያምናታል፤ የአቶ ተካ ቁልፍ በእጇ ይገባል፤ ከዚያ የሌላው፣ ከዚያ የሌላው። ዛፉ ደግሞ ከሬዲዮኑ አጠገብ ሹሩባውን ተሠርቶ ክረምቱን ሳያይ ይሞታል። ካልመለሰች አደራ በላ ናት፤ ከዚህ የከፋ ስም ሌባም የለውም። የእነዚህ ሰዎች አመኔታ ይህን ያህል እንደሚያስፈልጋት ስታስብ ራሷን ናቀች። ሲመሽ ዛፉን ከመስኮቱ አንስታ ወደ ጓዳ አስገባችው። ጓዳዋም በምሥራቅ በኩል መስኮት አላት፤ ከመንገድ ግን አትታይም።

ቅዳሜ ሽብሩ አዲስ ካፖርቱን ለብሶ፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። የሚያይ ሰው ብዙ ነበር፤ ድርቤም ቅርጫቷን አስቀምጣ ቆማለች።

«እመት ወሰኔ፣ አደራዬን ልቀበል መጥቻለሁ።»

«ሞቷል» አለች ወሰኔ።

ሽብሩ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ አቶ ተካ። «ማክሰኞ ለት በመስኮት አይቼው የለም እንዴ? ለምልሞ ነበር።»

«ነበር። ደረቀ።»

«ሬሳውስ?» አለ ሽብሩ፤ ድምፁ ተመልሶለት።

«አነደድኩት። ፍትሐት ልታስፈታለት ነበር?»

ሽብሩ እየጮኸ ያባቷን አጥንት ጠራ፤ አደራ በላ አላት፤ ድሮም ያልጠበቀው እንዳልሆነ ለመንገደኛው አስረዳ። ኦቦ ጉሉማ ፊቷን ሲያዩ ቆይተው ጠጋ አሉ። «ዱጋዳ፣ ወሰኔ? እውነት ነው?» አሏት ቀስ ብለው።

ወሰኔ ኦሮምኛውን ከማንም እኩል ታውቀዋለች፤ በንቀቷ ግን ካልቸገራት አትናገረውም ነበር። «ዱጋዳ፣ ኦቦ» አለቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ሽብሩን በክንዱ ይዘው ወሰዱት። አቶ ተካ ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ ቁልፋቸውን የሚሰጡት ሌላ ሰው ማሰብ ጀምረዋል። ድርቤ ብቻ ቀረች፤ በተከፈተው በር በኩል የጓዳውን መጋረጃ አየት አደረገች፤ ወሰኔንም አየቻት። ቅርጫቷን አንስታ ሄደች።

አዲሱ ጃፓናዊ በሳምንቱ መጣ። ሳሎን ተቀመጠ፣ የሽብሩን ውስኪ ጠጣ፣ ስለ ሲሬ መንገድና ስለ ጣቃ ብዛት ጠየቀ። ሽብሩ አንዲት ሴት የታናቤን ዛፍ እንዴት እንደገደለችበት እንባ እየተናነቀው ተረከለት። «ምን ዛፍ?» አለ ሰውየው። ሰምቶም አያውቅ። ወኪልነቱን ለሽብሩ ሰጥቶት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ልብስ ሊያሰፋ ይመጣ እንደሆነ እንጂ ወሰኔን ቡና የሚጠራት ሰው ቀነሰ። በሐምሌ ዝናብ ከታች ሰፈር አንዲት ሴት ሞተች፤ ወሰኔም ለቅሶ ደረሰች። የሟቿ ዘመዶች ወጣ ካለ አገር የመጡ ስለነበሩ የልብስ ሣጥኗን እስከ አርባዋ የሚያስቀምጡበት ፈለጉ። አንዷ ለከተማው እንግዳ የሆነች ሴት ወደ ወሰኔ እያመለከተች፣ «ቤታቸው ቅርብ ነው አሉ፤ ለእሳቸው አደራ ብንልስ?» አለች።

«ለማን? ለእትዬ ወሰኔ?» አለች ሸዋጌጥ፤ ድንኳን ሙሉ ሰው እንዲሰማ። «የሰው አደራ ዛፍ በገዛ እጇ ለገደለች?»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ወሰኔ ዞረ። የምትመልሰውን ለመስማት ተዘጋጀ፤ ከዚያች አፍ ሸዋጌጥ ደህና እንደማትወጣ ሁሉም ያውቃል። መልሱም ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጧፉም፣ ቅቤውም፣ «እስኪያየው ነው» ያለችውም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ግን የሽብሩ ሰዎች ዛፉን ደብቃዋለች ብለው ጓዳዋ ይገባሉ።

«እውነቷን ነው፤ ለሌላ ስጡት» አለች ወሰኔ። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች፤ በሕይወቷ ስድብ ሳትመልስ ከሰው መሐል የወጣችው ያን ቀን ብቻ ነው።